በደረቅ ወንዝ ላይ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ፦ ቦታው፣ ኬብሉ፣ ከተሠራ በኋላ የሚጠብቀው ማን ነው?

ዋሂል_መስመር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ በዋሂል አቅጣጫ ሁለት ቀበሌዎችን የሚለይ ደረቅ ወንዝ አለ። በበጋ አሸዋ ብቻ ስለሆነ ሰውም አህያም ግመልም በወለሉ ይሻገራል። በበልግና በክረምት ግን ደጋው ላይ ከዘነበ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ይደርሳል። ውሃው እስኪጎድል ሰዓታት ይጠበቃል፣ አንዳንዴም እዚያው ይታደራል። ትምህርት ቤቱ በአንዱ ማዶ፣ ጤና ጣቢያው በሌላው ነው። ጫት የሚያወርዱት ሴቶች ደግሞ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ ስላለባቸው ውሃው ገና ሳይጎድል ይገቡበታል።

የሁለቱም ማዶ ነዋሪ ጉልበት፣ ድንጋይና አሸዋ አዋጣለሁ ብሏል። ኬብል ሊያግዝ የሚችል አካል አለ፤ መጀመሪያ ቦታውንና ግምቱን አምጡ ነው ያለው። የለካነው ይኸው፦ መንገዱ በሚያቋርጥበት ከዳር እስከ ዳር 42 ሜትር። የግራው ዳር ከአሸዋው ወለል 3.5 ሜትር፣ የቀኙ 3.1 ሜትር ከፍ ይላል። ሁለቱም ቀጥ ብለው የተቆረጡ የአፈር ዳሮች ናቸው። ሽማግሌዎች ጎርፉ የደረሰበት ብለው ያሳዩን 2.6 ሜትር ላይ ነው።

ይህ ቦታ ይሆናል? ምን ያህል ኬብል እንጠይቅ? መሐንዲስ እስኪመጣ ድረስስ ምን ማዘጋጀት እንችላለን?

ደንገጎ_ቁልቁለት፦

መለካታችሁ ግማሹን ሥራ አቅልሎታል። ግን ይህ ቦታ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን በራሳችሁ ቁጥር እንየው።

መሠረቱ ዳር ላይ አይቀመጥም። አፈር ከሆነ ከዳሩ ግርጌ ተነስታችሁ 35 ዲግሪ የሚወጣ መስመር አስቡ፤ መሠረቱ ከዚያ መስመር ኋላ መሆን አለበት። ዳሩ ጠንካራ አለት ከሆነ እስከ 60 ዲግሪ ይፈቀዳል። በሁለቱም ግን ከዳሩ ጠርዝ ከ3 ሜትር ያነሰ ርቀት አይኬድም። ለ3.5 ሜትር አፈር ወደ 5 ሜትር፣ ለ3.1 ደግሞ ወደ 4.4 ሜትር ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ ማለት ነው። 42 የነበረው ርዝመት ከ51 ያልፋል። የዚህ ዓይነት ድልድይ ኬብል ሳይወጠር እንዲረግብ ተደርጎ ነው የሚሰቀለው፤ የርግበቱ መጠን፣ ሳግ የምንለው፣ የርዝመቱ አንድ ሃያኛ ያህል ነው። እናንተ ጋ 2.6 ሜትር ይሆናል።

አሁን ከታች ወደ ላይ ደምሩ። ጎርፉ 2.6። ከጎርፉ በላይ የሚተው ክፍት ቦታ በሜዳማ ወንዝ 3 ሜትር፣ በገደል መካከል 2 ሜትር ነው። የእናንተ ሜዳማ ስለሆነ 5.6 ደረስን። ሳጉ ሲጨመር ኬብሉ የሚያርፍበት ጫፍ ከአሸዋው 8.2 ሜትር ላይ መሆን አለበት። ዳራችሁ 3 ሜትር ከምናምን ነውና በሁለቱም በኩል ከመሬት ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ ግንብ ልትሠሩ ነው። እዚያ ላይ የተጫነ አህያ ለማውጣት 25 ሜትር ያህል ተዳፋት ያስፈልጋል። ድንጋዩም ሲሚንቶውም ከእጥፍ በላይ ይሄድና ከዚያ በኋላ እንኳ ዳሩ አፈር ነው።

ያ ክፍት ቦታ ለውሃው ብቻ የተተወ እንዳይመስላችሁ። ጎርፉ ነቅሎ የሚያመጣው ግራር ከነሥሩ ከውሃው ከአንድ ሜትር በላይ ቀና ብሎ ይጓዛል። ድልድዩን የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በወለሉ ተጓዙ። ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበትን፣ ዳሩ ከፍ ያለበትን፣ ቢቻል በአንድ በኩል እንኳ አለት የወጣበትን ፈልጉ። ወንዙ ከሚታጠፍበት የውጭ ጎን ራቁ፤ በየዓመቱ ዳሩን ይበላዋል። ሌላ ጎርፍ ከሚቀላቀልበት ትንሽ ዝቅ ያለውንም ተዉት። ከተለመደው መንገድ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዙሪያ ጥምጥም ከሆነ ሰው ይቀበላል። ከዚያ ከበለጠ ድልድዩ ቆሞ ሰዉ በውሃው ይገባል።

የጎርፉን ምልክት በአንድ ሰው ቃል አትውሰዱ። በሁለቱም ማዶ ሽማግሌዎችን ለየብቻ ጠይቁ፤ አንድ ላይ ከተሰበሰቡ የመጀመሪያው ተናጋሪ የሚለውን ነው ሁሉም የሚደግመው። «ትልቁ ጎርፍ» ሳይሆን ቀን ያለው ነገር ጠይቁ። ድሬዳዋን በሌሊት የመታውን የ1998ቱን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ የማያስታውስ የለም፤ ያን ሌሊት እዚህ እስከየት ደረሰ በሏቸው። ከዚያ ግራሮቹ ላይ የተሰነገ ጭራሮና ሣር፣ አለት ላይ የቀረ የደለል መስመር ፈልጉ። ሁሉንም ውሃ በተሞላ ነጭ ቱቦ ወደ አንድ መነሻ ነጥብ አምጧቸው። ከአለት ላይ የተቀባ ቀይ ነጥብ ይበቃል። በዓይን ግምት የተለካ ከፍታ አልቀበልም።

አንድ ነገር ልጨምር። «መሃሉ ላይ ምሰሶ አቁመን ርዝመቱን እናሳጥረው» የሚል ግንበኛ መምጣቱ አይቀርም። እንዳትሰሙት። ጎርፉ ከፍተኛ በሆነበት ሰዓት በምሰሶው ሥር ያለው አሸዋ በጥልቀት ይቆፈራል፤ ውሃው ሲጎድል ጉድጓዱ መልሶ በአሸዋ ይሞላል። በማግሥቱ ሄዳችሁ ስታዩት ምንም ያልተነካ ይመስላል። ሥሩ ግን ባዶ ነው፣ በሚቀጥለው ጎርፍ ይጋደማል።

ለገሃሬ_07፦

አቦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ወለሉ ላይ በኮንክሪት መሻገሪያ አንጥፉበት። ርካሽ ነው፣ ባጃጅም ይሻገርበታል፣ ግመልም።

ደንገጎ_ቁልቁለት፦

ለበጋው ልክ ነህ። ችግሩ ግን የጎርፉ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት መሻገሪያውም ከውሃ በታች ነው። ከጉልበት ያለፈ የሚሮጥ ውሃ ጎልማሳ ይጥላል፣ የተነጠፈ ለስላሳ ኮንክሪት ላይ ሲሆን ደግሞ ከአሸዋውም ይብሳል። ከተሠራም በታችኛው ጎኑ ወደ አሸዋው ጠልቆ የሚገባ የኮንክሪት ግድግዳ ካልወረደለት ውሃው ከሥሩ አሸዋውን አውጥቶ በሁለት ክረምት ይሰብረዋል። በጀት ካለ ሁለቱም ይሠሩ፣ አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም።

ዋሂል_መስመር፦

ሄደን አየን። ወደ ላይ 600 ሜትር ገደማ ወንዙ የሚጠብበት ቦታ አለ። ከግርጌ እስከ ግርጌ 36 ሜትር። ግራው ጠንካራ አፈር፣ 7 ሜትር ከፍታ። ቀኙ የኖራ ድንጋይ አለት፣ 6.2 ሜትር። የጎርፉ ምልክት በሁለት ግራሮችና በአለቱ ላይ ተመሳስሎ 3.2 ሜትር መጣ፤ የጠበበ ስለሆነ ከታችኛው ከፍ ማለቱ ይመስለኛል።

አምስት_በር፦

አዎ፣ ሲጠብ ከፍ ይላል፣ ልኩ ያሳምናል። ይህ ቦታ ይሠራል። ከሐረርም ከድሬም መሐንዲስ ስታመጡ የሚያዩት ሂሳብ ይኸው ነው።

በግራው 35 ዲግሪ ከግርጌ 10 ሜትር፣ በቀኙ 60 ዲግሪ 3.6 ሜትር። 36 ሲደመር 49.6፣ ማለትም 50 ሜትር። ሳጉ 2.5። የሁለቱ ዳር ልዩነት 80 ሳ.ሜ. ነው፤ ከርዝመቱ 4 በመቶ፣ ማለትም ከ2 ሜትር እስካልበለጠ ማስተካከል አያስፈልገውም። የዳሮቹ አማካይ 6.6፣ ከዚያ ሳጉ ሲቀነስ 4.1። ቦታው ገደል መካከል ስለሆነ ክፍት ቦታው 2 ሜትር ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት 3.2 ላይ 2 ሜትር ተጨምሮ 5.2 ነው። የጎደለው 1.1 ሜትር በግንብ ይነሳል፤ 1.2 አድርጉት። ሰው ሲሞላበት ኬብሉ ስለሚለጠጥ መሃሉ ተጨማሪ ግማሽ ሜትር ሊወርድ ይችላል፤ ጎርፍ ለማየት ድልድዩ ላይ መሰብሰብ የሚከለከለው በዚህም ጭምር ነው።

ኬብሉን በሚመለከት። 1 ሜትር ስፋት ያለው መረገጫ ሰው ሞልቶበት በካሬ ሜትር 400 ኪሎ፣ የራሱ ክብደት 100 ኪሎ ተብሎ ሲታሰብ በየሜትሩ 500 ኪሎ ነው። የመጎተት ኃይሉ 500 በ50 በ50 ተባዝቶ ለ8 እጥፍ ሳጉ ይካፈላል፦ 62 ቶን ተኩል። ሲሞላ ሳጉ ወደ 3 ሜትር ስለሚሄድ በእርግጥ 52 ቶን አካባቢ ነው፤ እኔ ግን በትልቁ ነው የማሰላው። ሦስት እጥፍ መተማመኛ ሲጨመር 187 ቶን የሚችል ኬብል ያስፈልጋል። መሃሉ ብረት የሆነ 26 ሚ.ሜ. ኬብል አንዱ ከ38 ቶን በላይ ይችላል፤ አራት ከእግር በታች፣ ሁለት ለእጅ መያዣ፣ ድምሩ 228። ይበቃል።

እያንዳንዱ ኬብል 50 ሜትር ብቻ አይደለም። ወደ ኋላ እስከ መልህቁ፣ ማለትም ኬብሉ መሬት ውስጥ እስከሚታሰርበት፣ በየጎኑ 8 ሜትር፣ መጠቅለያና መታሰሪያ በየጫፉ 2 ሜትር። 70 ሜትር በ6፣ 420 ሜትር ጠይቁ። ክብደቱ ከአንድ ቶን ትንሽ ያልፋል፤ በአንድ ጥቅል ከመጣ መኪናው የቆመበት ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ በ70 ሜትር ተቆርጦ ይምጣ። ስድስት ጥቅል ይሆናል፣ አንዱ 190 ኪሎ ያህል። ፈታ ተደርጎ በትከሻ ተሰልፎ ይሄዳል።

ኬብሉ ከወደብ ክሬን የወረደ አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ ነውር የለውም፣ በዓለም ላይ ብዙ የእግረኛ ድልድይ የተሠራው በእሱ ነው። ግን ሜትር በሜትር እዩት። ሽቦዎቹ አንድ ዙር በሚጠቀለሉበት ርዝመት ውስጥ 6 የተበጠሱ ሽቦዎች ከተቆጠሩ፣ ወይም አንዱ ጉንጉን ላይ ብቻ 3 ካሉ፣ ያ ቁራጭ ይጣል። መሃሉ ገመድ የሆነውን አትውሰዱ፤ የኬብሉን ጫፍ አጥፎ የሚያስረው ማቆንጠጫ፣ ክሊፑ፣ ሲጨመቅ ይጨፈለቃል፣ እርጥበትም ይይዛል።

አሁን ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት፣ ክሊፑ። ለ26 ሚ.ሜ. በየጫፉ ቢያንስ 5 ክሊፕ፣ በመካከላቸው 16 ሳ.ሜ.። 12 ጫፍ ስላለ 60፣ ትርፍ ጨምራችሁ 66 እዘዙ። የክሊፑ ወፍራም ኮርቻ ጭነቱን በሚሸከመው ረጅሙ ኬብል ላይ ይቀመጣል፤ ዩ ቅርጽ ያለው ብሎን ደግሞ በተመለሰው አጭር ጫፍ ላይ። ከተገለበጠ ብሎኑ የሚሸከመውን ኬብል ይቆርጠዋል። አንዱን ወደዚህ አንዱን ወደዚያ እያፈራረቁ የሚያስሩም አሉ፣ እሱም ስህተት ነው፣ ሁሉም አንድ አቅጣጫ። ዳዶው በቶርክ መፍቻ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል። ኬብሉ ሲወጠር ይቀጥናል፣ ዳዶውም ይላላል፤ ስለዚህ መረገጫው ከተጫነ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ሌላ ጊዜ ደግማችሁ ጠብቁ።

ይህን የማከርረው በምክንያት ነው። በእናንተ ርዝመትና ሳግ ኬብሉ 1 ሳ.ሜ. ከተንሸራተተ መሃሉ ወደ 4 ሳ.ሜ. ይወርዳል። ከአራቱ አንዱ 2 ሳ.ሜ. ቢንሸራተት መረገጫው በ7 ሳ.ሜ. ያጋድላል፤ አህያ አይወጣበትም። ሙቀቱም እንደዚያው ነው። በንጋትና በእኩለ ቀን መካከል 20 ዲግሪ ልዩነት ካለ ሳጉ ከ4 እስከ 5 ሳ.ሜ. ይለዋወጣል። ስድስቱንም ኬብል በአንድ ንጋት፣ ፀሐይ ሳይወጣ ልኩ ላይ አድርሱ። ሦስቱን ጠዋት ሦስቱን ከሰዓት ካላችሁ ከነገ ወዲያ እኩል አይሆኑም።

ለመወጠር ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። ባዶ ኬብል ለማንሳት 370 ኪሎ ያህል ጉልበት ነው፣ 1.6 ቶን የሚስብ ቲርፎር፣ ማለትም በእጅ የሚሠራ ኬብል መሳቢያ፣ ይበቃል። ሲሰቀል ሳጉ 2.5 ሳይሆን ወደ 2.3 ሜትር ይደረግ፤ መረገጫው ሲጫን የቀረውን ራሱ ይወርዳል። በውጥረት ላይ ካለ ኬብል ኋላም ፊትም ማንም አይቁም፣ ተመልካች ልጆችን ጨምሮ።

የቀረው ዕቃ ቀላል ነው። በየሜትሩ አንድ ተሻጋሪ አንጎላሬ (L ቅርጽ ያለው ብረት)፣ 51። ከእጅ መያዣው የሚያንጠለጥለው 12 ሚ.ሜ. ፌሮ 102 ቁራጭ፣ አንዱ 1.3 ሜትር፤ ከ12 ሜትር ፌሮ ዘጠኝ ይወጣል፣ 12 ፌሮ ግዙ። ጣውላ 2 ሜትር በ20 በ5 ሳ.ሜ.፣ 125 ፍሬ፣ በመካከላቸው 1 ሳ.ሜ. ክፍተት ለውሃ። የሽቦ አጥር ለሁለቱም ጎን በድምሩ 100 ሜትር። ልጆች የሚያልፉበት ስለሆነ እሱን አታሳንሱ።

ገንደቆሬ_ግንበኛ፦

ስለ መልህቁ ማንም አላነሳም፣ እኔ ልበል። ብዙ ሰው መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ይመስለዋል። በአፈሩ ማዶ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ከኮንክሪቱ ፊት ያለው ያልተነካ አፈር ነው። ስለዚህ የጉድጓዱ የወንዝ በኩል ግድግዳ ቀጥ ተደርጎ በጥንቃቄ ይቆረጥና ኮንክሪቱ ያለ ፎርምወርክ፣ ማለትም ያለ ጣውላ ቅርጽ መያዣ፣ በቀጥታ አፈሩ ላይ ይፈስሳል። «ለሥራ እንዲመች» ተብሎ በፊት በኩል አስፍቶ ቆፍሮ በኋላ በልቅ አፈር መሙላት ድልድዩን ገና ሳይሠራ መግደል ነው። ልቅ አፈሩ በመጀመሪያው ጭነት ይጨመቃል፣ መልህቁ ጥቂት ሳንቲሜትር ወደ ፊት ይመጣል፣ እላይ የተባለው በአራት ተባዝቶ መሃሉ ላይ ይታያል። ጉድጓዱ ሲቆፈር አሸዋ ከወጣ ሥራው ይቁምና መሐንዲሱ ይምጣ።

ከላይ ከጫት እርከኑ የሚወርድ ውሃም አለ። ወደ መልህቁ እንዳይሄድ ከኋላው ቦይ ይውጣለት።

በቀኙ ማዶ አለት ነው ብላችሁ አትተኙ። የኛ አገር የኖራ ድንጋይ ውስጡ የተቦረቦረ ይሆናል። በመዶሻ ምቱት፣ ድምፁ ከባዶ ገምቦ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አትመኑት። አለቱ ለመልህቁ ከተበሳ በኋላ ቀዳዳውን ውሃ ሙሉት፤ ሳይቆይ ከጠፋ ስንጥቅ አለ ማለት ነው፣ ሌላ ቦታ ይበሳ።

አሸዋ ከወንዙ አለን ትላላችሁ፣ ግን ጎርፍ በቅርብ ካለፈ ደለል አለበት። የመስታወት ማሰሮ ግማሹን አሸዋ ሙሉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ በጥብጡ፣ እስኪጠል አስቀምጡ። ከላይ የሚቀመጠው ጭቃ ከአሸዋው 6 በመቶ ከበለጠ ይታጠብ። ለኮንክሪቱ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር 1 ለ2 ለ3 በሳጥን ይለካ፤ 50 በ40 በ18 ሳ.ሜ. የሆነ ሳጥን የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያህል ይይዛል። በአካፋ የሚቆጥር ሰው እንዳትቀበሉ። ውሃው ለአንድ ከረጢት ወደ 25 ሊትር ነው፣ በቃ። ለማላላት ውሃ የሚጨምር ረዳት ይኖራል፤ ጀሪካኑን ሌላ ሰው ይያዘው። ለ1 ሜትር ኩብ ኮንክሪት 8 ከረጢት፣ ለድንጋይ ግንቡ በ1 ለ4 ሞርታር ከ2.5 እስከ 3 ከረጢት ብላችሁ አስሉ። ሲሚንቶ ድሬ ላይ ይመረታል፣ በመጓጓዣ ከሌላው አገር ትቀላላችሁ።

ሙቀቱ ግን ጠላት ነው። በንጋት ይፈስስ፣ ወዲያው በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፣ ቢያንስ 7 ቀን፣ ከቻላችሁ 14፣ ጆንያው ሳይደርቅ ይረጠብ። ውሃ የምታመላልስ አህያ ከወዲሁ መድቡ። ኬብሉ ከ28 ቀን በፊት አይጫንበት።

ሳቢያን_ማህበራዊ፦

ወንድሞች ስለ ብረቱና ድንጋዩ ብዙ ብላችኋል። የሚበላሸው ድልድይ ግን ብዙ ጊዜ ኬብሉ ሳይሆን ጣውላው ነው፤ ጣውላው የሚቀረው ደግሞ የሚቀይረው ሰው ስለሌለ ነው። ስለዚህ ከመቆፈሩ በፊት የሚከተለውን ጨርሱ።

ኮሚቴው ከሁለቱም ማዶ እኩል ይሁን፣ ከየማዶው አራት አራት። ሴቶች ለቁጥር ማሟያ ሳይሆን ገንዘብ ያዥ ይሁኑ፣ ድልድዩን አብዝተው የሚረግጡት እነሱ ናቸው። አዲስ መዋጮ የሚሰበስብ አዲስ ማኅበር አታቋቁሙ። በሁለቱም ማዶ አፎሻ፣ እንደ እድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር፣ አለ፣ በየወሩ ይሰበሰባል፣ ስም ዝርዝር አለው፣ የቀረን ሰው የሚጠይቅበት መንገድ አለው። የድልድዩን መዋጮ እዚያው ላይ ጨምሩት። ሒሳቡ በሦስት ፊርማ ይውጣ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ከአንድ ማዶ እንዳይሆኑ ሦስተኛውን ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት ሰው አድርጉት።

ወንዙ የአስተዳደር ወሰን ከሆነ፣ አንዱ ማዶ በድሬዳዋ ሌላው በምሥራቅ ሐረርጌ ሥር ከሆነ ማለቴ ነው፣ ከሁለቱም ደብዳቤ ያስፈልጋል። ኬብል ሰጪው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፣ ብዙ ወር የሚበላውም እሱ ነው።

የመሬቱን ነገር በቃል አትተዉት። በግራው ማዶ መሠረቱም መልህቁም መዳረሻውም የሰው እርሻ ላይ ነው የሚያርፈው። የሚነቀለው የጫት ግንድ አንድ በአንድ ተቆጥሮ፣ ካሳው በሽማግሌ ፊት ተወስኖ፣ በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ለባለቤቱና ለሚስቱ ይነበብ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። «ለሕዝብ ነው፣ ግድ የለም» ያለ ሰው ልጁ ሲወርስ ግድ ይለዋል።

ለጉልበቱ ጉዛ፣ ማለትም ደቦ፣ አለላችሁ፣ ግን ወቅቱን ጠብቁ። ማሽላው ከታጨደ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ። ረመዳን በመካከል ከገባ ከባዱን ቁፋሮ ከእሱ በፊት ጨርሱ። ስለ ድንጋዩ ደግሞ አንድ ሒሳብ ሥሩ፦ 1 ሜትር ኩብ ድንጋይ ለአህያ ከ25 እስከ 30 ጭነት ነው። 120 ሜትር ኩብ ካስፈለገ 3,000 ጭነት ያልፋል። ድንጋዩ ሩቅ ከሆነ የነዋሪው ፍላጎት ሳይቀዘቅዝ አያልቅም። በየቤቱ የሚደርሰው ቀን ከስም ጋር ተጽፎ ይለጠፍ፤ አቅመ ደካማና ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ ከወዲሁ ነፃ ይደረጉ፣ በኋላ ላይ ሲሆን አድልዎ ይባላል።

ጥገናው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከበልግ በፊትና ከክረምት በኋላ። ክሊፑን በመፍቻ መሞከር፣ የኬብሉን ጫፍ ግሪስ መቀባት፣ የዛገውን አንጎላሬ ማጽዳትና ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት፣ ከመልህቁ ላይ አፈር ማንሳት፤ ኬብሉ መሬት ውስጥ የሚገባበት አፈር ከለበሰው ሳይታይ ይዝጋል። የባሕር ዛፍ ጣውላ በምስጥና በፀሐይ አምስት ዓመት ገደማ ቢቆይ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሲያልቅ ከመደንገጥ በየዓመቱ 25 ጣውላ ቀይሩ። የዓመቱ መዋጮ ይህን 25 ጣውላ፣ ሚስማሩን፣ አንድ ቆርቆሮ ቀለምና ግሪሱን መሸፈን አለበት፤ ዋጋውን በዚያን ጊዜ ገበያ አስሉና ለቤተሰብ አካፍሉት።

ለገሃሬ_07፦

መዋጮ ከማስቸገር ለምን በመሻገሪያው አያስከፍሉም? ነጋዴው ይክፈል።

ሳቢያን_ማህበራዊ፦

ለጎርፍ ቀን ብቻ የሚፈለግ ድልድይ ነው። በደረቁ ቀን ሁሉም በአሸዋው ነፃ ይሄዳል፤ ከፋይ የሚገኘው ጎርፍ ሲመጣ፣ ከፋዩም የታመመ ልጅ የያዘች እናት ናት። ከዚያ ላይ ብር መቀበል ለጥበቃውም ለኮሚቴውም ጠብ ነው። ብዙ ጭነት የሚያሳልፉ ነጋዴዎች በዓመት አንድ ጊዜ በስምምነት ይክፈሉ ብትሉ ይሻላል።

ደንገጎ_ቁልቁለት፦

በዚህ አልስማማም፣ ከትልልቅ ነጋዴዎች በየጭነቱ መቀበል የተሻለ ገንዘብ ያመጣል። ግን የናንተ ማኅበር ነው፣ ደንቡን እናንተ ትጽፋላችሁ።

ዋሂል_መስመር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀረኝ አንድ ነው፦ ግመል። ከሶማሌ በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች ጭነት የያዘ ግመል ይዘው ይሻገራሉ። ድልድዩ ካለ እናሳልፍ ይላሉ። ምን እናድርግ?

አምስት_በር፦

አታሳልፉ። ኬብሉ ይችለዋል፣ የማይችለው አንድ ጣውላና አንድ አንጎላሬ ነው፤ 500 ኪሎ ግመል ከነጭነቱ ሲረግጥ ብዙው ክብደቱ ጥቂት ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። እጅ መያዣው 1.1 ሜትር ነው፣ ለግመል በጣም ዝቅ ይላል፤ መረገጫው ሲወዛወዝ ከደነገጠ በላዩ ይወድቃል። በሁለቱም መግቢያ 2.20 ሜትር ላይ አግዳሚ ብረት አድርጉ፣ ሰውም የተጫነ አህያም ያልፋል፣ ጭነት የያዘ ግመል አይደፍረውም። ሞተር ሳይክል ከመጣ ጠፍቶ እየተገፋ። የድሮውን የአሸዋ መውረጃ ግን አትዝጉ፤ አግዳሚው ሲተከል ለግመሉ መንገድ ካልቀረለት ባለቤቱ ብረቱን ይነቅለዋል። አግዳሚውን በብየዳ ሳይሆን በአራት ብሎን እሰሩት፤ ጣውላ ሲቀየር ረጅሙ ዕቃ እንዲገባ መፈታት አለበት፣ መፍቻው ደግሞ በየማዶው አንዳንድ ይኑር።